የድራማ እንባ ወዴት ይሄዳል?

የኮርያና የቻይና ተከታታይ ድራማዎችና የአማኝ ልብ



ዛሬ የምናነሣው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በብዙ አማኞች ቤት የገባ ጉዳይ ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። የኮርያ ወይም የቻይና ተከታታይ ድራማ የሚከታተል ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ወይም እናንተው ተከታታዮች ከሆናችሁ፣ የምንለውን ታውቁታላችሁ። ድራማውን የሚወድ ሰው አይቶ ብቻ አይነሣም። ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ይናፍቃል፣ እንቅልፍ ያጣል። የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅም ዘመድ እንደ ሸኘ ሰው ለቀናት ልቡ ባዶ ሆኖ ይሰነብታል። የሚያዝነው ግን በምድር ላይ ኖሮ ለማያውቅ ሰው ነው።

ይህ እንባ ከየት ይመጣል? ኃጢአት ነውን? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከፈሰሰ በኋላ ወዴት ይሄዳል? እነዚህን ጥያቄዎች በቃሉ ብርሃን አብረን እንመርምር። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዕበሉ እንዴት ተስፋፋ?

ከደቡብ ኮርያ ተነሥቶ ዓለምን ያጥለቀለቀው የድራማና የዘፈን ጎርፍ "ሃልዩ" ይባላል፤ "የኮርያ ማዕበል" ማለት ነው። ስሙ በቻይና ጋዜጦች በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተለመደ ነው። ኃይሉ ጎልቶ የታየው ግን በጃፓን ነበር። በ2002 በኮርያ የቀረበው ባለ 20 ክፍል "ዊንተር ሶናታ" በ2003 እና በ2004 በጃፓኑ ኤን ኤች ኬ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ በተለይ በመካከለኛ ዕድሜ የሚገኙ ሴቶች ልባቸው ተነካ። መሪ ተዋናዩን ቤ ዮንግ ጁንን "ዮን-ሳማ" ብለው ይጠሩት ጀመር፤ "ሳማ" ጃፓናውያን ለከፍተኛ አክብሮት በስም ላይ የሚጨምሩት ቃል ነው። በኖቬምበር 2004 ወደ ጃፓን ሲመጣ በናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ከ3,000 በላይ ሰዎች ጠበቁት። ባረፈበት ሆቴል ደጅ በተፈጠረው ግፊያም የተጎዱ ነበሩ። ከጠባቂዎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የበሰሉ እናቶች እንጂ ልጃገረዶች አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ 54 ክፍሉ "ዴ ጃንግ ገም" ከእስያ አገሮች አልፎ በኢራን ሳይቀር ተወደደ። በ2019 መጨረሻ የጀመረው "ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ" በአየር ላይ ስትንሳፈፍ ነፋስ ወደ ሰሜን ኮርያ የወሰዳትን ሴትና እዚያ ያገኘችውን የጦር መኮንን ፍቅር ይተርካል። ከቻይናም በ2017 ባለ 58 ክፍሉ "ኢተርናል ላቭ"፣ በ2018 ደግሞ ባለ 70 ክፍሉ "ስቶሪ ኦቭ ያንሺ ፓላስ" ብዙ ሕዝብ አስከተሉ። ኔትፍሊክስ በ2023 ለኮርያ ሥራዎች በአራት ዓመት ውስጥ 2.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታወቀ። እንግዲህ ስለ ተራ መዝናኛ ሳይሆን ብዙ ገንዘብና ብዙ እውቀት ስለሚፈስበት ሥራ እየተነጋገርን መሆኑን ልብ በሉ።

ወደ እኛም ቢሆን የውጭ ተከታታይ ድራማ ልማድ በሰፊው ገብቷል። ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየተካ ሲያቀርብ፣ ምሽቱን በድራማው ሰዓት የሚያቅድ ቤተ ሰብ ብዙ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስልክ በእጁ ያለ ሁሉ የትርጉም ጽሑፍ እያነበበ በቀጥታ ይከታተላል። የኮርያው ድራማ ለእኛ ቶሎ የሚቀርብበት ምክንያትም አለው። ለታላቅ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል፣ ከአንድ ገበታ አብሮ መብላት፣ የወላጅን ቃል መፍራት የእኛም ወግ ነው። ስለዚህ ባዕድ ሆኖ አይሰማንም።

ልባችንን የሚይዘው በምንድን ነው?

በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ስለ ቴሌቪዥን ተመልካች አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ተመልካቹ በቴሌቪዥን የሚያየውን ሰው እንደ ቅርብ ወዳጁ ይቆጥረዋል፤ ያኛው ግን ተመልካቹ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ወዳጅነቱ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው ብለው ጻፉ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን በሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሣጥን ነበር። ዛሬ ግን ከትራስ ሥር የሚያድር ስልክ ሆኗል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። የተለመደው የኮርያ ድራማ 16 ክፍል ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የቻይናው ከዚያም ይረዝማል፤ የአገሪቱ ባለ ሥልጣናት በ2020 አንድ ድራማ ከ40 ክፍል እንዳይበልጥ እስከ ማሳሰብ ደርሰዋል። እስቲ አስሉት። ባለ 58 ክፍል ድራማ እያንዳንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ቢሆን ከ43 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በየእሑዱ የ45 ደቂቃ ስብከት ሳታጓድሉ ብትሰሙ ደግሞ በዓመት የምትሰሙት 39 ሰዓት ነው። በሁለት ሳምንት ሌሊት የታየ አንድ ድራማ የዓመቱን ስብከት በሰዓት በለጠው ማለት ነው። ከአንድ ሰው ጋር 43 ሰዓት ተቀምጣችሁ ደስታውንም ኀዘኑንም ብታዩ፣ ሲለያችሁ ብታለቅሱ ምን ያስደንቃል?

ሦስተኛው የአሠራሩ ጥበብ ነው። ፍቅሩ በዝግታ ይገነባል፤ ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ እስኪያያዙ ድረስ ብዙ ክፍል ያልፋል። አንድ የኀዘን ዘፈን ይመረጥና ልብ በሚሰበርበት ቦታ ሁሉ ይደጋገማል፤ በኋላ ዘፈኑ ሲጀምር እንባው ቀድሞ ይመጣል። ክፍሉም ልብ በተንጠለጠለበት ሰዓት ይቋረጣል። ከመሪ ተዋናዩ ሌላ ሴቲቱን በታማኝነት የሚወድና በመጨረሻ ባዶ እጁን የሚቀር ሁለተኛ ወንድም ይኖራል። ተከታታዮች ለእርሱ የሚሰማቸውን ሕመም በስም እስከ መጥራት ደርሰዋል። ቻይናውያን ደግሞ ድራማው በመለያየት ሲያልቅ ውስጥን የሚያንገበግበውን፣ አልረጋ የሚለውን ቁጭት "ዪ ናን ፒንግ" ይሉታል። ልቤ አልረጋ አለኝ እንደ ማለት ነው።

ተመልካቹ በታሪኩ ፍጻሜ የሚቆጣበትም ጊዜ አለ። በ2004 በኮርያ እጅግ ተወድዶ የነበረው "ላቨርስ ኢን ፓሪስ" ሲያልቅ፣ ሲተረክ የቆየው ታሪክ ከድራማው ሴት ብዕር የወጣ ድርሰት ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ተታለልን ብለው ተቃወሙ። ነገሩን ካሰባችሁት ይገርማል። ድራማው ከመጀመሪያውም ድርሰት እንደ ነበር ሁሉም ያውቁ ነበር። ልባቸው ግን እንደ እውነት ይዞት ነበር።

እንባ ኃጢአት ነውን?

በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ ወገን "ይህ ሁሉ የዓለም ነው፤ ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም አውጥታችሁ ጣሉ" ይላል። ሌላው "ምን አለበት? መዝናኛ ብቻ ነው" ይላል። ሁለቱም ልብን ሳይመረምሩ የሚሰጡ መልሶች ይመስሉናል።

በሰው ኀዘን መነካት እግዚአብሔር በውስጣችን ያኖረው ስጦታ ነው። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ ዮሐንስ ጽፎልናል (ዮሐ. 11፥35)። በተተረከ ታሪክ መነካትም ቢሆን በራሱ በደል አይደለም። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ የነገረው ስለ አንዲት ጠቦትና ስለ አንድ ድሃ ሰው የተሠራ ታሪክ ነበር (2 ሳሙ. 12፥1-7)። ንጉሡ በታሪኩ ልቡ ተነካ፣ ለድሃው አዘነ፣ በባለ ጠጋው ላይ ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ነቢዩ ነገሩን ወደ ንጉሡ ወደ ራሱ መለሰው። የታሪክ ትክክለኛ ሥራው ይህ ነው። ልባችንን ከከፈተ በኋላ ወደ ገዛ ሕይወታችን ይመልሰናል።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። በማርች 2025 የወጣው "ዌን ላይፍ ጊቭስ ዩ ታንጀሪንስ" የተባለው የኮርያ ድራማ በጄጁ ደሴት የሚኖሩ የአንድ ባልና ሚስትን ዘመን ከወጣትነት እስከ እርጅና ይተርካል። በብዙ አገር ተመልካቹን አስለቅሷል። በታሪኩ ውስጥ ወጣቶቹ ባልና ሚስት የሚበሉት ባጡ ጊዜ፣ ቤቱን ያከራዩአቸው አዛውንቶች ማንም ሳያያቸው በሩዝ ማስቀመጫቸው ውስጥ ሩዝ ይጨምሩላቸዋል። ይህን አይቶ ማልቀስ ምን ክፋት አለው? የተራበን ሰው ደኅና ሁን ብሎ በባዶ እጅ መሸኘት እምነት እንዳልሆነ ያዕቆብ የጻፈውን (ያዕ. 2፥15-16) ድራማው በራሱ መንገድ ያሳየናል። ጥያቄው ሌላ ነው። ለዚያ ሩዝ ያለቀስን ሰዎች፣ በእኛ ጎረቤት ምጣድ ካልተጣደ ስንት ቀን እንደ ሆነው እናውቃለን?

ለቅሶ የማይደረስበት ለቅሶ

በአገራችን ሰው ሲሞት ማልቀስ ብቻ አይበቃም፤ ለቅሶ ይደረሳል። ሥራ ይቋረጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ እዝን ይያዛል። ኀዘንተኛው ዘንድ ሄዶ ምንም ሳይናገሩ መቀመጥ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ሳይመጣ የቀረ ሰው "አዝኜ ነበር እኮ" ቢል ማንም አይቀበለውም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩን ይህ ወግ ከቃሉ ጋር ይስማማል፤ ሐዋርያው ከሚያለቅሱ ጋር እንድናለቅስ ያዘዘን (ሮሜ 12፥15) ከእነርሱ ጋር ሆነን ነውና።

የድራማ ለቅሶ ግን ለቅሶ አይደረስበትም። ሄደን የምናጽናናው ሰው የለም። እግራችን አይደክምም፣ ገንዘባችን አይወጣም፣ ጊዜያችንን የሚሻማ ኀዘንተኛ ደጃችንን አያንኳኳም። እንባው ይፈስሳል፣ ልብ ቀለል ይላል፣ ስልኩ ይዘጋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በየሌሊቱ በዚህ መንገድ የሚያለቅስ ሰው ርኅሩኅ እንደ ሆነ ይሰማዋል፤ ከርኅራኄ የሚጠበቀውን ግን አላደረገም። ቀስ በቀስ እውነተኛው ኀዘንተኛ ይከብደዋል። የታመመች አክስት ስልክ ስትደውል ንግግሯ ይረዝምበታል። የእርሷ ኀዘን ዘፈን የለውም፣ በ16 ክፍልም አያልቅም።

ይህን አስቀድሞ ያስተዋለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው አውግስጢኖስ "ኑዛዜ" በተባለው መጽሐፉ፣ በወጣትነቱ በካርታጎ ከተማ ቲያትር እየተመለከተ ማልቀስ ይወድድ እንደ ነበር ይነግረናል። በቲያትር ላይ ለሚታይ መከራ ተመልካቹ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ አይጠራም፤ ታዲያ ይህ ምን ዓይነት ምሕረት ነው? ብሎ ይጠይቃል። በልጅነቱም በግጥም ስለ ተተረከች፣ በፍቅር ምክንያት ስለ ሞተች ንግሥት እያለቀሰ፣ ከእግዚአብሔር ርቆ ለነበረው ለገዛ ነፍሱ ግን አለማልቀሱን በኀዘን ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ከ1,600 ዓመት በላይ አልፏል። ጥያቄው ግን አላረጀም።

ነቢዩ ሕዝቅኤልም ተመሳሳይ ሕዝብ ገጥሞት ነበር። ሰዎቹ እርሱን ለመስማት ይሰበሰቡ ነበር፤ እንደ ጥሩ ዘፋኝም ይወድዱት ነበር፤ ቃሉን ግን አያደርጉትም ነበር (ሕዝ. 33፥30-32)። እንግዲህ ይህ ሕመም የድራማ ተመልካች ብቻ አይደለም። በስብከትና በዝማሬ አልቅሶ፣ በሩን ወጥቶ ሲሄድ ምንም ያልተለወጠ ሰውም ያው ነው። ስለዚህ ድራማ የማያይ ሰው በሚያየው ላይ አይመካ።

ነገሩ ሲበረታ ደግሞ ፍቅሩ ሰውየውን ወደ ማይገባ ነገር ይወስደዋል። "ዲሴንዳንትስ ኦቭ ዘ ሰን" በተባለው የ2016 ድራማ አብረው የተጫወቱት ሶንግ ጁንግ ኪና ሶንግ ሄ ክዮ በ2017 ሲጋቡ ብዙ ሺህ ወዳጆች እንደ ቤተ ሰብ ሰርግ ደስ አላቸው፤ በ2019 ሲለያዩም እንደ ቤተ ሰብ ፍቺ ተሰበሩ። የእነዚያ የሁለት ሰዎች ኀዘን የራሳቸው ሆኖ ሳለ የብዙዎች መወያያ ሆነ። በቻይና በ2021 ከድራማ ሳይሆን ከአንድ የወጣት ዘፋኞች ውድድር ጋር በተያያዘ የሆነውም የዚሁ መንፈስ ፍሬ ነው። ለሚወዱት ተወዳዳሪ ድምፅ የሚሰጡበት ምልክት በወተት ክዳን ላይ ስለ ነበር፣ ወተቱ በብዛት ተገዝቶ በቦይ ሲደፋ ታየ። መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ውድድሩ ከፍጻሜው በፊት ቆመ። ሰው ላላገኘው ሰው ፍቅር ብሎ ምግብን በቦይ እስከ ማፍሰስ ደረሰ።

"በሌላ ሕይወት እንገናኛለን"

አማኝ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በብዙዎቹ የቻይናና በአንዳንድ የኮርያ ድራማዎች የኀዘንተኛው ማጽናኛ ዳግመኛ መወለድ ነው። "ኢተርናል ላቭ" በአንድ ሕይወት የተለያዩትን በሌላ ሕይወት ያገናኛል። በ2021 የታየው "ዋን ኤንድ ኦንሊ" የተባለው የቻይና ድራማ በሁለቱ ወዳጆች አሳዛኝ ሞት ከተፈጸመ በኋላ፣ ወዲያው የቀጠለው "ፎሬቨር ኤንድ ኤቨር" እነዚያኑ ተዋንያን በዘመናችን እንደገና ተወልደው ሲገናኙ ያሳያል። በመጀመሪያው ያለቀሰ ተመልካች በሁለተኛው ተጽናና።

ይህ የእኛ ተስፋ አይደለም። ሰው አንድ ጊዜ እንደሚሞትና ከዚያ በኋላ ፍርድ እንዳለ ቃሉ ይነግረናል (ዕብ. 9፥27)። ይሁን እንጂ ተመልካቹን "ተሳስተሃል" ብቻ ብለን አንለፈው። ፍቅር በሞት እንዳይቋረጥ የሚመኘው ልብ እውነተኛ ነገር ይፈልጋል። ያን ናፍቆት ሊሞላ የሚችለው በክርስቶስ ትንሣኤ ነው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ የጻፈው (1 ተሰ. 4፥13-18)፣ በአንቀላፉት ምክንያት በእርግጥ ያዘኑ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። "ዪ ናን ፒንግ" ለሚል ልብ ቤተ ክርስቲያን የምትነግረው የምሥራች አላት።

ቤተ ክርስቲያንስ ምን ትጠየቃለች?

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ሌሊቱን ሙሉ ድራማ የሚያዩ ብዙዎች ብቸኞች ናቸው። በሰው አገር ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ሠርታ ማታ በጠባብ ክፍል ብቻዋን የምትተኛ እኅት አለች። ሥራ አጥቶ ከጓደኞቹ የራቀ ወንድም አለ። ልጆቿ ውጭ የሄዱባት እናት አለች። የሚሰማቸው ስላጡ የሚናገረውን መስማት ጀመሩ። በ2018 የወጣው "ማይ ሚስተር" የተባለው የኮርያ ድራማ ታሪኩ በአጭሩ ሲነገር፣ በሕይወት የደከመችን አንዲት ወጣት አንድ በዕድሜ የሚበልጣት የሥራ ባልደረባዋ እንደ ሰው ስለ ቆጠራት መትረፏን የሚናገር ነው። ብዙዎች በእርሱ ተጽናንተናል ብለዋል። ይህን ሥራ ከማንም በፊት ልንሠራው የሚገባን እኛ አልነበርንምን? በእሑድ አምልኮ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ ከጎናችን ያለችውን እኅት ስሟን ሳናውቅ ስንት ዓመት አለፈ?

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰዓታችሁን ቁጠሩ። በዚህ ወር ስንት ክፍል አያችሁ? ስንት ሌሊት ከእንቅልፍና ከጸሎት ተወሰደ? ቁጥሩን በወረቀት ላይ ጻፉትና በጌታ ፊት ተመልከቱት። መተው ያለባችሁን እርሱ ያሳያችኋል።

ሁለተኛ፣ እንባችሁን ጠይቁት። በየትኛው ቦታ አለቀሳችሁ? አባት ለልጁ ሲል ሲደክም ከሆነ፣ ምናልባት ያልታረቃችሁት አባት ይኖር ይሆናል። ሁለተኛው ወንድ ሳይመረጥ ሲቀር ከሆነ፣ ምናልባት ያልተፈወሰ የመናቅ ቁስል በውስጣችሁ ይኖር ይሆናል። ድራማው የነካውን ቁስል ለድራማው አትተዉለት፤ ወደ ጌታ አምጡት። እንባችንን የሚቆጥር አምላክ አለን (መዝ. 56፥8)።

ሦስተኛ፣ ለቅሶ ድረሱ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ከዚያም ተነሥቶ ንጉሡን ፈቃድ ጠየቀና ሄደ (ነህ. 1-2)። እናንተም አንድ ድራማ በጨረሳችሁ ሳምንት ቢያንስ አንድ እውነተኛ ሰው ጎብኙ። የታመመ፣ ያዘነ፣ ብቻውን ያለ ሰው ከእናንተ አይርቅም። ሩቅ ከሆነ ደውሉ፤ ደግሞም ታግሣችሁ ስሙት።

አራተኛ፣ ወላጆች በልጆቻችሁ እንባ አትሳቁ። ልጃችሁ በኮርያ ድራማ ስታለቅስ ብታገኟት "ለዚህ ነው የምታለቅሽው?" ብላችሁ አታሳፍሯት። አጠገቧ ተቀመጡና "የትኛው ነገር ነካሽ?" ብላችሁ ጠይቋት። በሌላ ቀን የማትነግራችሁን የልቧን ነገር በዚያ ሰዓት ትነግራችሁ ይሆናል። ለክርስቶስ ተስፋ ምስክርነት ለመስጠትም መልካም በር ነው።

አምስተኛ፣ የኅብረት መሪዎች ሆይ፣ በየቤቱ በምታደርጉት ጥናት ላይ ይህን ርእስ ያለ ነቀፋ አንሡት። ወጣቶች በድብቅ የሚያዩትን በግልጽ ሲናገሩ፣ ብቻቸውን ያለቀሱትን ከወንድሞችና ከእኅቶች ጋር ሲመዝኑ፣ ክፉውን ከበጎው መለየት ይማራሉ።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር ፊት ካለቀሰ በኋላ ድንጋዩ እንዲነሣ አዘዘ። በኢያሪኮ መንገድ ላይ ያለፈው ሳምራዊም አዝኖ ብቻ አላለፈም፤ ወረደ፣ ቁስሉን አሰረ፣ ገንዘቡንም ከፈለ (ሉቃ. 10፥33-35)። የእኛም እንባ ከዓይናችን ወደ እጃችንና ወደ እግራችን ይውረድ። በዚህ ሳምንት ስማችሁን አውቆ የሚጠብቃችሁ፣ ከመጣችሁ በሩን የሚከፍትላችሁ አንድ ኀዘንተኛ አለ።

እንባን ሁሉ የሚያብስ ጌታ (ራእ. 21፥4) ልባችሁን ያለስልስ፣ እጃችሁንም ያበርታ። አሜን።